«ክደኑት» ያለው ማን ነበር?

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበር። ሥራው ሳሙና መሥራት ነው። አዳማ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና እያዘጋጀ፣ በጀሪካን እየሞላ ለሆቴሎችና ለሱቆች ያከፋፍላል። ሰባት ሠራተኞች አሉት።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ለምን ይመስላችኋል? ታሪኩን ስትሰሙ «እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለሁም» ብላችሁ እንዳታልፉት ነው። ደመወዝ በቀኑ የሚከፍል፣ የታመመ ሠራተኛ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ፣ ከለቅሶ የማይቀር፣ እሁድ እሁድ ያን ጊዜ እኔ አዳማ በማገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ከፊት ረድፍ የሚቀመጥ ሰው ነበር። እንደ እናንተ ያለ ሰው። እንደ እኔም።

ስሙ ናሁሰናይ ነው። ስሙን ጠርቼ እንድናገር ራሱ ፈቅዶልኛል።

አንድ ቀን በቴሌቪዥን የንግድ ውድድር ሊጀመር መሆኑ ተነገረ። አነስተኛ ሥራ ያላቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ተመርጠው፣ አዲስ አበባ በአንድ ግቢ ውስጥ አብረው እየኖሩ፣ በየሳምንቱ ሥራ እየተሰጣቸው ይወዳደራሉ። መጨረሻ ላይ የቀረው አሸናፊ ለሥራው የሚሆን ማሽን ይሸለማል። ናሁሰናይ ደግሞ የመሙያና የማሸጊያ ማሽን ለዓመታት ሲመኝ ኖሯል። ሠራተኞቹ በረኪናውን በእጃቸው ነበር የሚሞሉት፤ ጣታቸው ይላጣል። ከሁሉም የቆየችው ሠራተኛው ዘነበች፣ «ጋሼ፣ ይመዝገቡ እንጂ፤ ከእርስዎ የተሻለ ማን አለ?» አለችው። ተመዘገበ። ተመረጠ። ሰባቱም ሠራተኞች እስከ መናኸሪያ ድረስ ሸኙት።

ውድድሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሁለቱ በሁለት ቡድን ይከፈላሉ። በየሳምንቱ ለእያንዳንዱ ቡድን መሪ ይሰየማል። ያሸነፈው ቡድን ያርፋል። የተሸነፈው ቡድን ሦስት ዳኞች ፊት ይቀርብና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጠየቃል። ከዚያ አንድ ሰው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እስቲ አስቡት። በየሳምንቱ «ጥፋቱ የማን ነው?» እየተባለ በሚጠየቅበት ቤት ውስጥ መኖርን አስቡት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ከአንድ ትሪ ነበር የሚበሉት። ማዕዱን ተራ በተራ ይባርካሉ። አንዱ ሲያመው ሌላው ይነሣል። የመጀመሪያው ሰው ሲሰናበት፣ ከጅማ የመጣ አናጢ ነበር፣ አሥራ አንዱም አለቀሱ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሦስት ሰው አለቀሰ። በሦስተኛው ማንም አላለቀሰም። በአራተኛው ሳምንት ካሜራው ወደ ክፍሉ ሲገባ፣ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ብድግ ብሎ ካርቶን ማንሳት ጀመረ። ጥሩ ሐሳብ የመጣለት ሰው ዳኞቹ እስኪመጡ ድረስ በሆዱ ይዞ ይቆያል። ጓደኛው ሲሳሳት እያየ ዝም የሚልም ነበረ። «እኛ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ጠፋ፤ የሚሰማው «እኔማ ተናግሬ ነበር» ብቻ ሆነ።

ናሁሰናይ ይህን ሁሉ ያያል። ያዝናልም። በሳምንት አንድ ጊዜ ስልክ ሲፈቀድላቸው ለሚስቱ ይህንኑ ይነግራታል፤ እዚህ የሚቆየው የሚሠራ ሰው ሳይሆን የሚናገር ሰው ነው ይላታል። እሷም አንተ ብቻ እንደነሱ አትሁን አለችው። አልሆንም አላት። ዋሻት? አልዋሻትም። ያን ቀን ከልቡ ነበር የተናገረው።

በዚያ ግቢ ውስጥ ወይዘሮ ወይንሸት የሚባሉ እናት ነበሩ። ከሐዋሳ የመጡ ናቸው። መናኸሪያው አጠገብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየ ምሳ ቤት አላቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት ላሉ ሠራተኞችም በየቀኑ ምሳ ያደርሳሉ። ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው። ካሜራ ኖረም አልኖረም እጃቸው አያርፍም። በሁለተኛው ሳምንት ናሁሰናይን ጉንፋን ጥሎት በነበረ ጊዜ፣ አጥሚት ሠርተው በኩባያ ይዘው ራስጌው የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ ሥራ ላይ ነበሩ።

አምስተኛው ሳምንት መጣ። የናሁሰናይ ቡድን ሦስት ጊዜ ስለተሸነፈ የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እሱ፣ እትዬ ወይንሸትና አቤኔዘር የሚባል ስልክ የሚነግድ ወጣት። የመሪነቱ ተራ የናሁሰናይ ነበር። የሳምንቱ ሥራ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ለመቶ ሃያ ሠራተኞች ምሳ አብስሎ ማቅረብ ነው። የሚፈርዱት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው። የሌላው ቡድን ምግብ ለሌላ መቶ ሃያ ሠራተኞች ይቀርባል።

ናሁሰናይ ደስ አለው። የምግብ ሰው በቡድኑ አለችው። እትዬ ወይንሸት ምስር ወጥና የጥቅል ጎመን በድንች አልጫ እንሥራ አሉ፤ ተስማሙ። ሲከትፉና ሲያማስሉ አድረው፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድስቱ ወረደ። ምግቡ በባልዲ ባልዲ ተገለበጠ። መኪናው በር ላይ ቆሟል።

እትዬ ወይንሸት ባልዲዎቹን አዩና ናሁሰናይን ጠሩት።

«ይህ አልጫ እንፋሎቱ ሳይወጣ ከተከደነ ያልበዋል። እዚያ ስንደርስ ኮምጥጦ ነው የምናገኘው። አንድ ሰዓት ብቻ ስጠኝ፤ ትሪ ላይ ዘርግቼ ላቀዝቅዘው።»

ናሁሰናይ ሰዓቱን አየ። የሌላው ቡድን መኪና ወጥቶ ሄዷል። እሱ ደግሞ ቀድመን ነው የምንደርሰው ብሎ ለዳኞቹ ተናግሮ ነበር። መሪ ሆኖ በመጀመሪያው ቀን አርፍዶ መታየት አልፈለገም።

«ጊዜ የለንም» አለ። «ክደኑት።»

«ስማኝ እንጂ፣ ልጄ።»

«እትዬ፣ የዚህ ሳምንት መሪ እኔ ነኝ። ክደኑት።»

እትዬ ወይንሸት እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ዞር አሉ። አቤኔዘር ክዳኖቹን አንድ በአንድ እየተጫነ ገጠማቸው። በዚያ ሰዓት ካሜራ ያዡ ውጭ መኪናውን ሲቀርጽ ነበር። በማእድ ቤቱ ውስጥ ከሦስቱ ሰዎች በቀር ማንም አልነበረም።

ማንም አልነበረም አልኩ? እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ።

ፋብሪካው ጋ ደረሱ። ፀሐይዋ የመኪናውን ሸራ ስታነድደው ዋለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሠራተኞቹ ሳህናቸውን ይዘው ተሰለፉ፤ አብዛኞቹ ከጠዋት ጀምረው ማሽን ላይ ያጎነበሱ ልጃገረዶች ናቸው። የመጀመሪያው ባልዲ ሲከፈት አረፋ ደፍቆ ነበር። ሽታው ከሰልፉ መሐል ደረሰ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ምስሩ ደህና ነበር፤ ግን ከሽታው የተነሣ እሱንም የሚቀምስ ጠፋ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ደረቅ እንጀራ እየቆረሱ በሉ። አንዳንዶቹ ጾማቸውን ወደ ማሽናቸው ተመለሱ።

እትዬ ወይንሸት ከባልዲዎቹ ኋላ ቆመው፣ ሳህኗን ይዛ ለምትመጣው ለእያንዳንዷ ልጅ «ይቅርታ፣ ልጄ» ይሉ ነበር። መቶ ሃያ ጊዜ ያህል አሉት። የሳምንቱ መሪ የት ነበር? መኪናው ጀርባ ሄዶ ቆሞ ነበር።

ቅዳሜ ዳኞቹ ፊት ቀረቡ። ሦስት ወንበር፣ ደማቅ መብራት፣ አራት ካሜራ። ዋናው ዳኛ አቶ ባሕሩ የሚባሉ፣ በዕድሜም በንግድም የገፉ ሰው ናቸው። ጥያቄያቸው አጭር ነበር።

«ምግቡ በትኩሱ እንዲከደን ያዘዘው ማነው?»

መልሱ አንድ ቃል ነው። «እኔ።» ሁለት ፊደል። ሕፃን የሚጽፈው ቃል ነው።

ናሁሰናይ ዝም አለ። በኋላ እንደነገረኝ ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። በዚያች ሦስት ሰከንድ ውስጥ ምን ያልመጣበት ነገር አለ? ማሽኑ መጣበት። የዘነበች የተላጠ ጣት መጣበት። መናኸሪያ የሸኙት ሰዎች መጡበት። «በአምስተኛው ሳምንት ተባረረ» የሚለው ወሬ አዳማ ሲገባ ታየው። ከዚያ ሌላ ነገር መጣበት፤ ካሜራው ያን ጊዜ ውጭ ነበር።

እንዲህ ሲል መለሰ፦

«የምግቡ ኃላፊ እትዬ ወይንሸት ነበሩ። እኔ ሳሙና ሠሪ ነኝ፤ ስለ ምግብ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። መሪ ደግሞ ባለሙያውን ማመን አለበት።»

ልብ በሉ። ከዚህ ውስጥ ውሸት የሆነው ቃል የትኛው ነው? የምግቡ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ፤ እውነት ነው። እሱ ሳሙና ሠሪ ነው፤ እውነት ነው። ስለ ምግብ ያውቃሉ፤ እውነት ነው። መሪ ባለሙያውን ማመን አለበት፤ ይህም እውነት ነው። ሁሉም እውነት፣ ተደምሮ ግን የሰው ስም የሚገድል ውሸት። እኛ የሃይማኖት ሰዎች እንዲህ ዓይነቱን ውሸት እንወደዋለን። በኋላ ስንጸልይ «አልዋሸሁም» ለማለት ይመቻል።

አቶ ባሕሩ ወደ እትዬ ወይንሸት ዞረው ምን ይላሉ ብለው ጠየቁ። እትዬ ወይንሸት ግን ዳኛውን አላዩም። ናሁሰናይን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። በቁጣ አልነበረም። ሰው ቃል ሲያምታታ ራሱ እስኪያርመው እንደምንጠብቀው፣ እንደዚያ ነበር የጠበቁት። እሱ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ።

«መሪያችን ያውቃል» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አቤኔዘርም ተጠየቀ። እሱ ዕቃ ሲጭን ስለነበር ልብ እንዳላለ ተናገረ። ጫማውን እያየ ነበር የተናገረው።

ዳኞቹ ተመካከሩ። እትዬ ወይንሸት እንዲሰናበቱ ተወሰነ። አቶ ባሕሩ ለናሁሰናይ፣ የሚያከብሩትን ሰው ጥፋት ፊት ለፊት መናገር ቀላል እንዳልሆነ፣ መሪነት ማለት ግን ይኸው እንደሆነ ነገሩት። ያ ምስጋና ከእርግማን ይልቅ ከብዶኝ ነበር ብሎኛል በኋላ። ያን ዕለት ግን አንገቱን ደፍቶ አመሰገነ።

እትዬ ወይንሸት ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ ከተቱ። ናሁሰናይ ሻንጣቸውን ተሸክሞ እስከ በር ሸኛቸው። አያችሁ የሰውን ነገር? ስማቸውን ጥሎ ሻንጣቸውን ተሸከመላቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ሻንጣውን ከእጁ ተቀበሉትና እንዲህ አሉት፦

«አንተ ብትባረር ሳሙናህን ማንም አይጠላውም ነበር። እኔ ግን ነገ የምገባው ምግቤን ከሚበሉ ሰዎች ዘንድ ነው።»

ይህን ብለው ሄዱ።

ዝግጅቱ በቴሌቪዥን የተላለፈው ከወር በኋላ ነው። ሐዋሳ ሙሉ አየው። በመጀመሪያ ቀልድ ነበር። ምሳ ሊበላ የገባ ደንበኛ ሳህኑን አሽትቶ ይስቃል። እትዬ ወይንሸትም አብረው ይስቃሉ። በሁለተኛው ሳምንት ከሚስቁት መካከል የማይመጡ ተገኙ። በወሩ መጨረሻ ያ በየቀኑ ምሳ የሚያደርሱለት መሥሪያ ቤት ለጊዜው ይቆይልን የሚል መልእክት ላከ። አብረዋቸው ከሚሠሩት አራት ሴቶች ሁለቱን አሰናበቱ። ከዚያ ሌሎቹንም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ክፍት የነበረው በር ተዘጋ።

ናሁሰናይስ? አሸነፈ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት አንደኛ ወጣ። ማሽኑ በጭነት መኪና ተጭኖ አዳማ ሲገባ ሰው በጭብጨባ ተቀበለው። ቤተ ክርስቲያን አመሰገነችው። ለወጣቶች ስለ መሪነት እንዲናገር ጋበዝነው። ጋበዝነው ነው የምላችሁ፤ ጋባዡ እኔ ነበርኩ። ከፊት ተቀምጬ አጨበጨብኩ። ያችን ሴት ወዴት እንደደረሰች ጠይቄው አላውቅም። ከእኛ መካከል የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ማሽኑ ተተከለ፤ ሥራው ሰፋ። ግን በመጋዘኑ ውስጥ አንድ ነገር ተለወጠ። በፊት አንድ ሠራተኛ ሲሳሳት ሮጦ ይነግረው ነበር። አሁን አይነግሩትም። ጥፋት ሲገኝ ሁሉም «እኔ አልነበርኩም» ይላል። ሲገባ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። መጀመሪያ ያከበሩት መሰለው።

አንድ ቀን አንድ በርሜል ሳሙና ውሃ ሆኖ ተበላሸ። ናሁሰናይ ዘነበችን ጠርቶ ለሚቀጥለው በርሜል ሳሙናውን የሚያወፍረውን ጨው መጠን እንድትጨምር አዘዛት። ዘነበች አልተንቀሳቀሰችም። ከጋዋኗ ኪስ ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ጋሼ፣ ያዘዙኝን ይጻፉና ይፈርሙልኝ» አለችው።

ናሁሰናይ ደነገጠ። «አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተን፣ አታምኚኝም?»

«በቴሌቪዥን አይቻለሁ።»

«ምን አየሽ? እዚያ የታየ ነገር የለም።»

«ሴትዮዋ ሲያዩዎት አይቻለሁ» አለች።

ወገኖቼ፣ ካሜራው ማእድ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። የትእዛዙን ቃል ማንም አልሰማም። አንዲት ሳሙና የምትሞላ ሴት ግን የሌላዋን ሴት ዓይን አይታ ነገሩን ሁሉ አወቀችው። እሷ ብቻ መሰለቻችሁ? ሰባቱም አውቀውታል። ማንም አልነገረውም እንጂ።

ናሁሰናይ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ፈረመ። ከዚያ ማሽኑ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠና ለረጅም ሰዓት አልተነሣም።

በዚያው ሳምንት ሐዋሳ ሄደ። ምሳ ቤቱን ጠይቆ ደረሰበት፤ ቤቱ የሶፋ መሸጫ ሆኗል። ሰዎች እየጠቆሙት እትዬ ወይንሸትን አገኛቸው። የሌላ ሰው ካፍቴሪያ ጓዳ ውስጥ ተቀጥረው ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ባለቤቱ ደንበኛ እንዳያያቸው ወደ ፊት እንዳይወጡ ነግሯቸዋል። ሲያዩት አልተነሡም፤ አልተቆጡምም። የሚቀመጥበት ዱካ አቀበሉት።

ናሁሰናይ ተናገረ። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ፣ ቤትዎን የዘጋሁት እኔ ነኝ አለ። አለቀሰም። እሳቸው ሽንኩርቱን መላጥ አላቆሙም። ተናግሮ ሲጨርስ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ይህን ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ? እኔማ አውቀዋለሁ» አሉት። «ለማያውቁት ንገር።»

ማሽኑን ልሽጠውና ቤትዎን ልክፈትልዎ አላቸው። አልተቀበሉትም። ቤት ተከፍቶ ሰው የማይገባበት ከሆነ ምን ያደርግልኛል አሉ።

ወደ ዝግጅቱ አዘጋጆች ሄደ። በትሕትና ተቀበሉት፤ ሻይ ጋበዙት። ዝግጅቱ ግን አልቋል፤ ሁለተኛው ዙር እየተዘጋጀ ነው፤ ያለፈውን የሚያስታውሰው የለም፤ አንተም ራስህን አታስጨንቅ አሉት። ያን ቀን ከቢሮአቸው እንደወጣ ቀጥታ እኔ ጋ መጣ። ሁሉንም ነገረኝ። ምን ላድርግ አለኝ። እኔም ሰባኪው፣ አጨብጫቢው፣ ምን ማድረግ እንዳለብህ ሴትዮዋ ነግረውሃል አልኩት።

ተመልሶ ሐዋሳ ወረደ። እትዬ ወይንሸት ምሳ ያደርሱለት ወደነበረው መሥሪያ ቤት ሄደ። በምሳ ሰዓት ሠራተኞቹ ሲሰበሰቡ ፊታቸው ቆሞ ስሙን ተናገረ። በዚያ ዝግጅት ላይ ምግቡን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እትዬ ወይንሸት አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ ዋሽቼባቸዋለሁ አላቸው። በዚህ ብቻ አላበቃም። መናኸሪያው አካባቢ ወዳሉ ሱቆች፣ ወደ ጋራዡ፣ ወደ ሾፌሮቹ፣ ደንበኞቻቸው ወደነበሩት ሁሉ ለሦስት ቀን እየዞረ ተናገረ።

ምን ያሉት ይመስላችኋል? ተቆጡት? ሰደቡት? ቢሰድቡት በወደደ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው። አንዷ «ውይ፣ ያቺ ነገር» ብላ ሳቀች። አብዛኞቹ ጉዳዩን ረስተውታል። ለምን መሄድ እንዳቆሙ ራሳቸውም አያስታውሱም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በጨዋ ደንብ አዳመጡትና፣ ስለነገርከን እናመሰግናለን፤ አሁን ግን ምሳችንን ሌላ ሰው ያመጣልናል አሉት።

ይኸው ነው። ውሸቱ ተረስቷል፤ ውሸቱ ያፈረሰው ቤት ግን እንደፈረሰ ነው።

እትዬ ወይንሸት እስከ ዛሬ እዚያው ጓዳ ውስጥ ይሠራሉ። ናሁሰናይ እየዞረ መናገሩ ደርሷቸው እንደሆነ ሊጠይቃቸው ስልክ ደወለ። «ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይስጥህ» አሉት። ስልኩ ተዘጋ። ዘነበችም እስከ ዛሬ ወረቀቷን ታስፈርመዋለች። እሱም ይፈርማል። በፈረመ ቁጥር አንድ ነገር እንደሚያመው ነግሮኛል፤ ታስፈርመኝ፣ መብቷ ነው ይላል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ በቴሌቪዥን አልተወዳደራችሁም። መብራት አልበራባችሁም፤ ዳኛ ፊት አልተቀመጣችሁም። ግን ከእናንተ መካከል የሰው መሪ ያልሆነ ማነው? አንተ የመምሪያ ኃላፊ ነህ። አንቺ የቤት እመቤት ነሽ፤ የቤት ሠራተኛ አለችሽ። አንተ የዕድር ሰብሳቢ ነህ። አንተ አባት ነህ። እኔም የዚህ መንጋ አገልጋይ ነኝ። ሁላችንም አንድ ቀን «ክደኑት» ብለናል። ሁላችንም አንድ ቀን «ማነው ያዘዘው?» ተብለናል።

ምን መለስን?

ሪፖርቱ ሲበላሽ «ጸሐፊዋ ናት» ያልነው እኛ አይደለንም? ልጃችን ፈተና ሲወድቅ ለእናቱ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ያልነው እኛ አይደለንም? በጉባኤ ላይ ውሳኔያችን ሲከሽፍ «ኮሚቴው ነው» ብለን በኮሚቴው ጀርባ የቆምነው እኛ አይደለንም? ባልዋሸ አፍ ስንት ሰው ጥለናል?

እናንተም ደግሞ አላችሁ፤ ራሳችሁ ያላዘዛችሁ፣ ክዳኑን ብቻ የገጠማችሁ። ሰምታችሁ «ልብ አላልኩም» ያላችሁ። ጫማችሁን ያያችሁ። እናንተን ማንም አይወቅሳችሁም። አቤኔዘርን በቴሌቪዥን የወቀሰው የለም። ግን አንድ ቃል ከእሱ ቢወጣ ኖሮ ያ በር ዛሬም ክፍት ይሆን ነበር።

እኔም አለሁበት። ሰው ሲያሸንፍ የማጨበጭብ፣ በማን ትከሻ ላይ እንደወጣ የማልጠይቅ። እንዲህ ያለውን ሰው መሪ ብለን ለልጆቻችን የምናሳይ እኛ ነን። ልጆቻችን ከዚህ ምን እየተማሩ ነው?

«ንስሐ ገብቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል» ትሉኝ ይሆናል። ይቅር ይላል፤ አምናለሁ። ግን እናንተ በክፍላችሁ ተንበርክካችሁ በተጽናናችሁበት ሰዓት፣ ስሙን የጣላችሁት ሰው ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየላጠ ነው። እግዚአብሔር የእናንተን ጥፋት አስቀድሞ ያውቀዋል። የተጎዳውም ሰው ያውቀዋል። የማያውቁት ሌሎች ናቸው፤ እናንተም የምትፈሩት እነሱን ነው።

ናሁሰናይ ያችን «እኔ» የምትል ቃል በመጨረሻ ተናግሯታል። በብዙ ሰው ፊት፣ በብዙ ድካም ተናግሯታል። ግን ዘግይቶ ነበር። ዳኛው ሲጠይቁት ቢናገራት አንድ ሻንጣ ታስከፍለው ነበር። በሳምንቱ ቢናገራት አንድ ማሽን ታስከፍለው ነበር። በመጨረሻ ሲናገራት ግን የሚሰማት ሰው አልቀረም ነበር። አንዳንድ እውነት ጊዜ አለው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላም እውነት ነው፣ ግን ማንንም አያነሣም።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አትሳሳሙ፣ በር ላይ ቆማችሁ አታውሩ። አሁን በልባችሁ ስሙ የመጣባችሁ አንድ ሰው አለ። አውቃለሁ፤ የእኔም መጥቶብኛል። እሱ ዘንድ ብቻ አትሂዱ፤ እሱማ ያውቃል። ስሙን በፊታቸው ወደጣላችሁባቸው ሰዎች ሂዱ። አለቃው ዘንድ ሂዱ። ቤተሰቡ ዘንድ ሂዱ። «እኔ ነበርኩ» በሉ።

ሰዎቹ ሳይረሱት ሂዱ።